አራት ሰዎች የተካፈሉት የይለፍ ቃል

አስከሬን አልነበረም። የተሰበረ በርም፣ ደም የነካው ምንጣፍም የለም። ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ከሐይቁ የሚነሣው ለብ ያለ ጭጋግ መንገዱን እንደሸፈነ ነው፤ የመንገድ መብራቶቹ መንጋቱን ያልሰሙ ይመስል እንደበሩ ናቸው። በሩን የከፈተለት ዘበኛ ኮፍያውን አወለቀና ሐዘንተኛ እንደሚቀበል ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ፣

«ውስጥ ነው» አለው።

«ማን?»

«የጠፋው ነዋ።»

ኢንስፔክተሩን ባልደረቦቹ «እንቅልፌ» ይሉታል። ሰው ሲያወራው ዓይኑን ይጨፍናል። ተኝቷል ብለው የልባቸውን የተናገሩ ብዙ ሰዎች ዛሬ ማረሚያ ቤት ይተኛሉ።

ቤቱ የተጠፋፉ ዘመዶችን የሚያፈላልግ ቢሮ ነው። ዘመድ የጠፋበት ሰው ፎቶውንና ታሪኩን በቢሮው ድረ ገጽ ላይ ያወጣል፤ የሚያውቅ ካለ መልእክት ይጽፋል። አጭበርባሪና ቀልደኛ ስለማይጠፋ ግን መልእክቱ በቀጥታ አይወጣም። መጀመሪያ የቢሮው ሰው በአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ገብቶ ያነበዋል፣ ያጸድቀዋል። ፕሮግራሙ ያለው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ቁምሳጥን ውስጥ በተቀመጠ በራሳቸው ሰርቨር ነው። «የሰው እንባ በኪራይ ቤት አይቀመጥም» ያሉት የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። እንባው የራሱን ቤት አገኘ። አሁን ደግሞ ቁልፉ ጠፋ።

«ተሰርቀናል» አለ የአሁኑ ሥራ አስኪያጅ፣ ለፖሊስ ክብር ያሰረውን ክራቫት እየጎተተ። «በቃል ከምነግርዎ ላሳይዎት።»

ሦስት ሰው ጠራ፦ ሒሳብ ሹሙን፣ ዘበኛውንና አንባቢዋን። አንባቢዋ የሚመጡትን መልእክቶች የምታነብ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። አራቱ ኮምፒውተሩ ፊት እንደ ውኃ ወረፋ ተሰለፉ። ሥራ አስኪያጁ ተቀመጠ፤ ሦስቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ጥቂት ቁልፎች መታና ተነሥቶ እሱም ወደ ግድግዳው ዞረ። ሒሳብ ሹሙ ተቀመጠ። ቀጥሎ ዘበኛው። በመጨረሻ አንባቢዋ። ስታበቃ ስክሪኑ በቀይ መለሰ፦ የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም።

ኢንስፔክተሩ ግድግዳውን አየ። በግንባር ቁመት ልክ ቀለሙ ወዝቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ደህንነት» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሥልጠና ላይ ነበርኩ። ድሮ ቃሉን የምታውቀው አንባቢያችን ብቻ ነበረች። አንድ ሰው ደግሞ ይታመማል፣ ያኮርፋል፣ ይሞታል። ስለዚህ በስብሰባ ወሰንን፤ ቃሉ አራት ቦታ ይከፈል፣ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ይምረጥ፣ ለማንም አይንገር። ማልን።»

«አሁን ታዲያ ማን ያውቀዋል?»

«ማንም። ጥቅሙ እሱ ነው።»

«ከአራታችሁ አንዱ ቢሞትስ?»

«እሱን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳድረነዋል።»

በስብሰባው ዕለት ቃሉን ሞክረውት ከፍቶ ነበር፤ ተጨብጭቧል። በማግስቱ እምቢ አለ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሳምንታት ተሰብስቦ፣ ኮምፒውተሩን የተከለው ባለሙያ ተጣልቶ የወጣ ስለሆነ እሱ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ደመደመ፤ ፖሊስም ተጠራ።

«ተጎጂው ማነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሁሉም ወደ አንባቢዋ ክፍል ዞረው አዩ። እዚያ አንዲት አሮጊት ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ቢሮው «ታላቅዬ» ይላቸዋል፤ ማነዎት ሲባሉ ሁልጊዜ «እኔ ታላቋ ነኝ» ስለሚሉ። በልጅነታቸው፣ ሰው እንደ ጎርፍ በሚጋፋበት አንድ መናኸሪያ፣ ትንሽ እህታቸውን አጥተዋል። ለዓመታት ተመላልሰዋል፤ በሳምንት አንድ ቀን። አሁን ግን በገጻቸው ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ወጥታለች፦ አንድ መልእክት ማጽደቅ ይጠብቃል።

«ጎረቤቴ በስልኳ አሳየችኝ» አሉት። «አለ፣ ግን አይከፈትም። ሰው በር ላይ ቆሞ ድምፁ እየተሰማ እጀታ የሌለው በር አይተህ ታውቃለህ ልጄ?»

«በሕልሜ» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እኔ ደግሞ በውኔ።»

*

ባለሙያው ገበያው ዳር የስልክ መጠገኛ ሱቅ ከፍቷል። ሱቁ ሆዳቸው በተከፈተ ስልኮች ተሞልቷል።

«እኔ ነኝ አሉ?» ሳቀ። «ተጣልቼ ወጣሁ፤ እውነት ነው። የተጣላሁት ግን ለምን ቁምሳጥኑ አየር የለውም ብዬ ነው። ለምን ቃላቸውን እሰርቃለሁ? ማሽኑ በእጁ ያለ ሰው ቃሉ ምን ያደርግለታል?»

«ማለት?»

«ቁልፍ የጠፋበት ባለቤት ግድግዳ ማፍረስ ይችላል እኮ። ቁምሳጥኑን ከፍቶ እዚያው ማሽኑ ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ መጻፍ ነው። አዲስ የይለፍ ቃል ይሰጥሃል። ሻይ ሳይበርድ ያልቃል።»

«ለምን አልነገርካቸውም?»

«ነገርኳቸው። ኮሚቴው ‹ሐሳቡ ተጠንቶ ይቅረብ› አለ።»

ኢንስፔክተሩ ዓይኑን ጨፈነ። «ከስብሰባው በኋላ ቃሉን የቀየረ ሰው ይኖር ይሆን?»

«አይኖርም። ቃሉ በተቀየረ ቁጥር ፕሮግራሙ ለእኔ ኢሜይል ይልካል፤ ስወጣ ስሜን ማውጣት ረስተዋል። በስብሰባው ዕለት መጣልኝ፣ ከዚያ ወዲህ ዝም። ቃሉ ያው የመጀመሪያው ነው።» ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የታላቅዬን ገጽ ከፈተና ፊቱ ተለወጠ። «ይቺ ምልክት የወጣችበትን ቀን አየህ? ወር ሙሉ ያልጸደቀ መልእክት ፕሮግራሙ ራሱ ይጠርገዋል። ከነላኪው አድራሻ። ነገ ቀትር ላይ ትሄዳለች።»

«ይህን እነሱ ያውቃሉ?»

«የፕሮግራሙን መመሪያ ያነበበ የለም። መመሪያ የሚነበበው ቤት ሲቃጠል ነው።»

ትእዛዙን ወደ ኢንስፔክተሩ ስልክ ላከለት። ከዚህ በኋላ ቁምሳጥኑን አስከፍቶ ነገሩን መጨረስ ይቻል ነበር። ኢንስፔክተሩ ግን የሚጎረብጠው ነገር ነበረ። ቃሉ አልተቀየረም፤ የሰረቀውም የለም። ከአራቱ አንዱ ግን በየጠዋቱ ከኋላቸው ተቀምጦ ሌላ ነገር ይጽፋል። ግድግዳውን ቢያፈርስ ቁልፉን የደበቀው ሰው የሚቀጥለውንም ይደብቃል። ደግሞ ነገ እስኪደርስ ጊዜ አለ።

*

ከዘበኛው ጀመረ።

«የኔ ክፍል አንድ ፊደል ነው፤ ደጋግሜ እመታዋለሁ» አለ ዘበኛው። «ስንቴ እንደሆነ ግን ምያለሁ፣ አልናገርም።»

«ለማንም አልተናገርክም?»

«ኧረ ለማንም። ለሚስቴ ብቻ።»

«ሚስትህስ?»

«እሷ እቴ፣ ምሥጢረኛ ናት። ለእህቷ ብቻ ነው የነገረች።»

ኢንስፔክተሩ ከአጥሩ ውጭ ካርድ የሚሸጠውን ወጣት በዘፈቀደ ጠየቀው። «የዘበኛውን? ስድስት ጊዜ» አለ ወጣቱ ሳያስብ። ሰፈር ሁሉ የሚያውቀውን ነገር አንድ ሰው ሊረሳው አይችልም። ዘበኛው ነጻ ወጣ።

ሒሳብ ሹሙ ወንበሩን አስተካክሎ ተቀመጠ። «ቁጥር ነው። ቁጥር አይረሳም፣ አይዋሽም፣ አያኮርፍም። እንደ ሰው አይደለም።» ኢንስፔክተሩ ፊቱን አዙሮ የራሱን ስልክ ሰጠውና ክፍሉን አስጻፈው፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ አስጻፈው፤ ወሬ መሃል አናጥቦት ሊወጣ ሲል እንደገና አስጻፈው። ሁሉም አንድ ሆነ። «ሌላ ጊዜ ሚስቴ ስትቀሰቅሰኝም ይሞክሩኝ» አለ ሒሳብ ሹሙ ቅር ብሎት።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ሲደርስ ኢንስፔክተሩ በሩ ላይ ቆየ። የስም ሰሌዳው አዲስ ነው፤ ብሎኖቹ ያብለጨልጫሉ። ከሥሩ የድሮው ሰሌዳ ጥላ ቀርቷል፤ ከአዲሱ ይረዝማል። ገባና፣

«እንኳን ደስ ያለህ» አለው። «ሹመቱ መቼ ጸደቀልህ?»

«ከስብሰባው በኋላ ነው። ተጠባባቂ ነበርኩ፤ አሁን ግን ሙሉ።»

«የይለፍ ቃሉ ላይ ያንተ ክፍል ማዕረግህ ነው አይደል?»

ሥራ አስኪያጁ ቀላ። ኢንስፔክተሩ በልቡ ጉዳዩን ዘጋ፦ ሰውዬው ተሹሟል፣ ጣቱም አብሮ ተሹሟል፤ «ተጠባባቂ»ን ትቶ «ሥራ አስኪያጅ» እያለ ይጽፋል። ወንጀሉ ሹመት ነው።

«የድሮውን ጻፍ» አለው።

ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ድምፁ ወረደ። «እሱኑ ነው የምጽፈው። በየጠዋቱ። ‹ተጠባባቂ›። ሰው እንዳያይብኝ ነው ወደ ግድግዳ የማዞራቸው።» ወንበሩ ላይ ተለቀቀ። «ዛሬም ‹ተጠባባቂ› ብዬ መጻፌን ለማንም አይንገሩብኝ።»

አሳዘነው። አመነውም፤ ለመዋሸት ይህን የሚመርጥ ሰው የለም።

*

የአንባቢዋ ክፍል እንደ ሌሎቹ አይደለም። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ቀስ እያለ አየሩን ያማስላል፤ መጋረጃው የከሰዓቱ ብርሃን የእንግዳው ወንበር ላይ እንዳያርፍ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ታላቅዬ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ይቀመጣሉ፤ ወንበራቸው ላይ ትራስ አለ። አንባቢዋ ውኃ ስትቀዳ የሳቸውን አስቀድማ ነው። አሮጊቷ አንቀላፍተዋል። የሁለቱ ትንፋሽ እኩል ይሄዳል።

«መልእክቱን አይተሽው ነበር?» አለ ኢንስፔክተሩ በሹክሹክታ።

«ከየት አይቼ? የመጣው በስብሰባው ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማን ገባ?»

«ድሮ በሳምንት አንዴ ነበር አሉ የሚመጡት።»

«አሁን በየቀኑ ናቸው።» ፈገግ አለች። «‹ዛሬ ተከፈተ?› ይሉኛል። ‹ዛሬ አልተከፈተም› እላቸዋለሁ። ከዚያ እንጫወታለን። የእህታቸውን ነገር እኔው ብናገረው ከሳቸው እኩል አውቀዋለሁ።»

«እናት አለሽ?»

«የለኝም። አላውቃትም።»

«እህታቸው ብትገኝ እሷ ጋ ይሄዱ ይሆን?»

«በዚህ ደረታቸው?» አለች የአሮጊቷን ነጠላ እያስተካከለች። «ብርዱን አይችሉትም።»

ኢንስፔክተሩ ዓይኑን ጨፈነ። ማራገቢያው ዞረ። ተኝቷል ብላ ዝም አለች።

ወደ ቤቱ ሲመለስ አውቶቡስ ላይ በእውነት አንቀላፋ። አራት ሰዎች ፊታቸውን ወደ ነጭ ግድግዳ አዙረው አየ። ግድግዳው ግን ግድግዳ አልነበረም፤ በረዶ ነው፤ ይጥላል፣ ትከሻቸው ላይ ይከመራል፣ ማንም አያራግፈውም። ከአራቱ አንዷ ብቻ ጃኬት ለብሳለች። ሲነቃ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ከጎኑ ያለው ሰው በጋዜጣ ያራግባል። ኢንስፔክተሩ እዚህ ከተማ ተወልዶ እስከ ዛሬ «ብርዱን» የሚል ሰው አልገጠመውም። ብርድ የት ነው? እህቲቱ ያለችበትን ማንም አያውቅም ተብሎ የለ?

ያነበበ ሰው ያውቃል።

*

በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ አንባቢዋ ትራሱን እያራገፈች ሳለ ደረሰባት። ታላቅዬ ገና አልመጡም።

«ብርዱ የት ነው?» አላት።

እጇ ትራሱ ላይ ቀረ።

«አንቺ ‹ብርዱን አይችሉትም› አልሽ። እዚህ ሰው በሙቀት ነው የሚሞት።»

ብትክድ የሚይዝበት ሌላ ነገር አልነበረውም። ስለዚህ ሌላ ነገር ነገራት። «መልእክቱ ዛሬ ቀትር ላይ ይጠረጋል። ወር ሞልቶታል። ፕሮግራሙ ራሱ ነው የሚያጠፋው፤ አድራሻውንም ጭምር።»

«ይጠረጋል ማለት?»

«አይኖርም ማለት።»

የእንግዳው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ትራሱን ደረቷ ላይ ይዛ። «እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እንደዚያ ያለ ነገር አላውቅም። በስብሰባው ጠዋት ነው ያነበብኩት፣ ቃሉ የኔ ብቻ በነበረ ጊዜ። ‹በሚመጡበት ቀን በአፌ ነው የምነግራቸው› ብዬ ተውኩት። ከዚያ ስብሰባ ጠሩን፣ አካፈሉን። በማግስቱ ሲሰለፉ የራሴን ክፍል አሳስቼ መታሁት። አንድ ሳምንት ብቻ ነበር ያሰብኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ መጥተው እንድንጫወት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምልክቱን አዩዋ። በየቀኑ መምጣት ጀመሩ።» አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «በየቀኑ። ጠዋት ስነሣ ‹ይመጣሉ› እላለሁ። ለኔ ብሎ የመጣ ሰው አላውቅም እኮ፤ ለኔም እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገ እከፍታለሁ እላለሁ። ነገ ደግሞ ይመጣሉ። ኮሚቴው፣ ፖሊሱ… እንዴት ብዬ ልመለስ?»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን አውጥቶ ትእዛዙን አሳያት። «ይህን ቁምሳጥኑ ውስጥ ያለው ማሽን ላይ ብጽፈው አዲስ ቃል ይሰጠኛል። ያንቺ አያስፈልገኝም። ትናንትም አያስፈልገኝም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጻፉትም?»

«እኔ ከከፈትኩት የተያዘች ሴት ነሽ። አንቺ ከከፈትሽው ምን እንደምትሆኚ አላውቅም። ግን እስከ ቀትር ብቻ ነው የምጠብቅ።»

ኮሪደሩ ላይ የታላቅዬ እርምጃ ተሰማ፤ በእርጋታ፣ አንዱን እግር ጎተት እያደረገ።

«ዛሬ ተከፈተ?» አሉ ከበሩ።

አንባቢዋ ተነሥታ ትራሱን ቦታው አኖረችው። «ይቀመጡ። እጠራቸዋለሁ» አለች።

አራቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተሰለፉ፤ ታላቅዬም ትራሳቸውን ትተው ተከተሉ። ተጠባባቂው ጻፈ። ቁጥሩ ተጻፈ። ዘበኛው ስድስቴ መታ። አንባቢዋ ስትቀመጥ ሦስቱ እንደልማዳቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ኢንስፔክተሩም ከአጠገባቸው ሄዶ ዞረ። ግድግዳው ለብ ያለ ነው። ከኋላው ቁልፎቹ አንድ በአንድ ሲመቱ ሰማ፤ መሃል ላይ ቆሙ፤ ረጅም ጊዜ ቆሙ፤ ቀጠሉ።

«ከፈተ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ። ዘበኛው «ተመስገን» አለ፤ ሒሳብ ሹሙ ቁጥር እንደማይዋሽ አስታወሰ። አንባቢዋ ማንንም ሳታይ ማያውን ወደ አሮጊቷ አዞረችውና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦

«ፎቶው ላይ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት። ጉንጯ ላይ ያለው ጠባሳ የኔ ጥርስ ነው። እኔ ያለሁት ተራራ ላይ ነው፤ ክረምት በረዶ ይጥላል፤ ለእሷ የሚሆን ክፍል አለኝ። ልምጣ ወይስ ትመጣለች?»

ታላቅዬ ጉንጫቸውን ነኩ። መጀመሪያ ሳቁ። «ዳቦዋን ወስጄባት እኮ ነው የነከሰችኝ። ነክሳኝ እሷው አለቀሰች።» ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ፤ ትከሻቸው ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ ማንም አልነካቸውም። ሲረጋጉ፣ «ይበርዳል አለች?» አሉ።

«ይበርዳል» አለች አንባቢዋ።

«ካፖርት ያስፈልገኛላ።» አድራሻውን በስልካቸው ላይ አስመዘገቡ፣ ቦርሳቸውን አንሥተው ተነሡ፣ ልብሳቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ወጡ። እግራቸውን አልጎተቱም። ወደ ኋላ አልዞሩም፤ ደህና ዋሉ አላሉም። ዘበኛው በር ሊከፍትላቸው ሮጦ አልደረሰባቸውም።

«ሌባው ታዲያ ማነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ለኮሚቴው ምን ልበል?»

«እኔ ነኝ» አለች አንባቢዋ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረ፤ ኢንስፔክተሩ ዓይኑን ጨፍኗል።

እሷ ግን ስክሪኑን ነበር የምታየው። የታላቅዬ መልእክት ከቦታው ሲነሣ ከሥሩ ሌሎች መጥተዋል፤ ወደ ታች ስትወርድ አላልቅ አሉ። የአባት ፎቶ። የመንታ ፎቶ። «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» የሚል። «በሕይወት አለሁ በሏቸው» የሚል። ከላይ ካሉት የአንዳንዱ ቀን ነገ ይሞላል።

«እነዚህን…» አለች። «እነዚህን አላሰብኳቸውም ነበር። አንዳቸውንም።»

«ቃልሽን ከሰዓት እቀበላለሁ» አለ ኢንስፔክተሩ ዓይኑን ሳይከፍት። «እስከዚያ ሥራ አለሽ።»

ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ሊጠራ አሰበና ኢንስፔክተሩን አይቶ ተወው። አንባቢዋ የስልኩን እጀታ አነሣች። ቁጥሩን አሳስታ ዘጋችና እንደገና ደወለች። ከወዲያ በኩል የአንዲት ሴት ድምፅ ተሰማ፤ የተጣደፈ፣ ከኋላው ሳህን የሚታጠብ።

«ከማፈላለጊያ ቢሮው ነው» አለች አንባቢዋ። «እናት፣ መጀመሪያ ይቀመጡ።»